ስለ ግንባረ ቢጫ በቀቀንና ስለ ማርካንቲያ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሁለት ፍጥረታት ነው። አንደኛው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ደን የሚኖረው፣ ሰውነቱ አረንጓዴ፣ ራሱ ቢጫ የሆነው በቀቀን ነው። ሁለተኛው በምንጭ አፍና በወንዝ ዳር፣ በረጠበ ድንጋይ ላይ እንደ ቅጠል ተለጥፎ የሚበቅለው ማርካንቲያ ነው።

አንድን ሰው ስትፈልጉ ክልሉን፣ ዞኑን፣ ወረዳውንና ቀበሌውን ትጠይቃላችሁ። ሊቃውንትም ለፍጥረት ሁሉ እንዲህ ያለ አድራሻ አውጥተዋል። የሁለቱ አድራሻ ግን ገና ከመጀመሪያው ይለያያል። በቀቀኑ ከእንስሳት ወገን፣ አከርካሪ ካላቸው፣ ከወፎች ክፍል ነው። ማርካንቲያ ከዕፀዋት ወገን ሲሆን አበባ፣ ዘርና እውነተኛ ሥር የለውም፤ በላዩ ባሉት ትናንሽ ጽዋዎች ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች የዝናብ ጠብታ ሲመታቸው፣ ተፈናጥረው በወደቁበት ይበቅላሉ።

ስማቸውም ሁለት ሁለት ቃል ነው። እኛ የልጁን ስም አስቀድመን የአባቱን እናስከትላለን፤ ሊቃውንት ግን የወገኑን ስም ያስቀድማሉ። ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. አንዱን የማርካንቲያ ዓይነት ማርካንቲያ ፖሊሞርፋ አለው። በቀቀኑንም ጀርመናዊው ሩፔል በ1845 እ.ኤ.አ. ፍላቪፍሮንስ፣ ማለት ግንባረ ቢጫ ብሎ ሰየመው፤ የወገኑ ስም ዛሬ ፖይሴፋለስ ነው።

በጥበቃም በኩል ዕድላቸው አንድ አይደለም። በቀቀኖች ለቤት እየተያዙ ስለሚሸጡ፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ማርካንቲያን ግን የሚገዛ የለም፤ ማርካንቲያ ፖሊሞርፋ እንዲያውም በችግኝ ጣቢያ እንደ አረም የሚበቅል ብርቱ ነው። ነገር ግን በደን ዛፍ ቅርፊት ላይ የሚኖሩት ዘመዶቹ ጥላና እርጥበት ሲጠፋ ይደርቃሉ፤ ማንም ሳያያቸውም ያልቃሉ።

እንግዲህ በአድራሻ የተራራቁት ፍጥረታት የሚገናኙት በአሮጌው ዛፍ ነው። በቀቀኑ እንቁላሉን የሚጥለው በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጉድጓድ የሚኖረው ደግሞ ያረጀ ዛፍ ነው። ዛሬ የተተከለ የዝግባ ችግኝ ያን ጉድጓድ እስኪያወጣ የሰው ዕድሜ ያልፋል። ስለዚህ «ቆርጬ ሌላ እተክላለሁ» ማለት ለበቀቀኑ መልስ አይሆንም።

ገበሬዎች ሆይ፤ በወንዝ ዳር ያለውን ያረጀ ዛፍ፣ ውስጡ ባዶ ነው ብላችሁ ለማገዶ አትጣሉት። እርሻችሁንም እስከ ውሃው ጠርዝ አትግፉ። በቀቀን ወደ እህል ቢወርድ፣ እሸት በሚሆንበት ወራት ጠባቂ አቁሙ እንጂ ጎጆውን አታፍርሱ። የልማት ሠራተኞችም የችግኝ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በየቀበሌው የቆሙትን አሮጌ ዛፎች ጭምር መዝግቡ። ያ ዛፍ ከቆመ ወፉ ቤት ያገኛል፤ በቅርፊቱ ያለውም አይደርቅም፤ የወንዙ ዳር አፈርም በሥሩ ተይዞ ለልጆቻችሁ ይቆያል።