አቡጀዲውን የነከረው ማን ነው?



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ጨርቅ ነው። ጨርቁን ሁላችሁም አይታችሁታል፤ እንዴት እንደተሠራ የምታውቁ ግን ጥቂት እንደምትሆኑ እገምታለሁ። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት አጉድዬ አስተምሬዋለሁ።

ጨርቁ ባለ ቀስተ ደመናው ሰንደቅ ነው። በማስተማሪያ ማስታወሻዬ ላይ የሰፈረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «እ.ኤ.አ. በ1978 ጊልበርት ቤከር በሳን ፍራንሲስኮ ሠራው።» አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ያን ሁሉ ጨርቅ ብቻቸውን ነው የነከሩት?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ አንድ የጥበብ ሥራ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት በማን እጅ እንደተሠራ መሆኑን ለሌሎች የማስተምር ሰው ነኝና አፈርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤከር በካንሳስ ግዛት የተወለደ፣ ከውትድርና በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ ኑሮውን የመሠረተና ስፌትን ራሱን ያስተማረ ሰው ነበር። የከተማዪቱ ኩዊር ማኅበረሰብ ለዓመታዊ ሰልፉ የራሱ ምልክት ይሻ ነበር። (ኩዊር የሚለው ቃል ቀድሞ ስድብ ነበር፤ በኋላ የተሰደቡት ራሳቸው አንሥተው መጠሪያቸው አደረጉት።) እስከዚያ ድረስ በሰፊው የሚታወቀው ምልክት ሮዝ ሦስት ማዕዘን ሲሆን፣ መነሻው ናዚዎች በማጎሪያ ካምፖች በእስረኞች ልብስ ላይ ያሰፉት እራፊ ነው። ልብ በሉልኝ፤ እርሱም ጨርቅ ነበር፤ ሌሎች የለጠፉባቸው ጨርቅ።

ሊን ሴገርብሎም ጨርቅ በመንከር ጥበብ የተካነች ሠዓሊ ነበረች፤ ስሟንም «ፌሪ አርጋይል ሬይንቦው» ብላ እስከ መለወጥ የደረሰች። ጄምስ ማክናማራ ደግሞ ስፌት ዐዋቂ ነበር። እነርሱና ቤከር፣ ወደ 30 ከሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ጋር፣ በግሮቭ ጎዳና ቁጥር 330 በነበረው የማኅበረሰቡ ማዕከል ተሰበሰቡ። አቡጀዲውን በትልልቅ በርሜሎች በጨውና በቀለም ውሃ ነከሩ፤ አጠቡ፤ አሰጡ፤ ተኮሱ፤ ሰፉ። ሁለት ሰንደቆች ወጡ፤ የእያንዳንዱ ስፋት 9 ሜትር፣ ርዝመት 18 ሜትር ያህል ነበር። ቀለማቱ ስምንት ነበሩ፦ ሮዝ ለሩካቤ፣ ቀይ ለሕይወት፣ ብርቱካንማ ለፈውስ፣ ቢጫ ለፀሐይ ብርሃን፤ የቀሩትም እያንዳንዳቸው ትርጉም ነበራቸው። ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ሴገርብሎም በቋጠሮ እየነከረች ያወጣቻቸው ከዋክብት ነበሩበት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። እርጥብ ጥጥ ይከብዳል። የዚያን ያህል ርዝመት ያለውን እርጥብ ጨርቅ አንድ ሰው አንሥቶ፣ ጨምቆ፣ አስጥቶ አይችለውም፤ አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ ሌላው መሐሉን፣ ሌላው ውሃው እንዳይፈስ ይጠብቃል። ኅብረት የምንለው ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ ከፍልስፍና በፊት የክብደት ጉዳይ ነበር። እኛ ደቦ የምንለው ይኸው ነው፤ የደቦ ደስታም የሚመጣው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን ገና ሥራው ላይ ሳሉ ነው። ስለዚህ ሰንደቁ «የደስታ ምልክት ነው» ሲባል በጥቂቱ ቅር ይለኛል። ምልክት ከመሆኑ በፊት ደስታው ተሠርቶ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ቀስተ ደመና የሚለው ስም ከመጽሐፍ የመጣ ነው፤ በሕዝቡ አማርኛ ያንኑ «የማርያም መቀነት» እንለዋለን። በሰማይ ላይ ቀስት ያየ ሰው መሣሪያ አየ፤ መቀነት ያየ ግን ሸማኔን፣ ድርንና ማግን፣ የሴትን ወገብ አየ። በዚህ ሃይማኖታዊ ክርክር ማንሣቴ አይደለም። የእኛም ሰው ያን ኅብረ ቀለም እንደ ጨርቅ የማየት ልማድ እንዳለው ለመጠቆም ያህል ነው።

ሰንደቆቹ ሰኔ ወር ላይ ተሰቀሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ የከተማዪቱ ምክር ቤት አባል ሃርቪ ሚልክ ከከንቲባው ጆርጅ ሞስኮኒ ጋር በጥይት ተገደለ። ከዚያ በኋላ የሰንደቁ ፈላጊ በዛና ፋብሪካ ገባ። ሮዙ ጨርቅ በገበያ እንደልብ ስላልተገኘ ወጣ፤ በ1979 ደግሞ ቀለማቱን በጎዳናው ግራና ቀኝ እኩል ለመክፈል ሲባል ቱርኩዊዙ ወጣ። ስድስት ቀሩ። በርሜሉም ተረሳ።

ቤከርን ልወቅስ አልቆምሁም። ሰንደቁን በንግድ ምልክትነት አላስመዘገበም፤ ለሁሉም ተወው። ነገር ግን በ2015 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሰንደቁን በስብስቡ ሲያካትት የሠሪው ስም የአንድ ሰው ነበር። ሴገርብሎም ወደ ጃፓን ሄዳ ኖራ ነበር፤ ለዐሥርት ዓመታትም ስሟን የሚያነሣ ጥቂት ነበር። ሙዚየም፣ መዝገብ፣ የእኔም የማስተማሪያ ማስታወሻ፣ ሁላችንም የሠሪ ስም የሚጻፍበት ቦታ አንድ መስመር ብቻ እንዲሆን ለምደናል። በኅብረት የተሠራ ጥበብ በዚያች መስመር አይበቃውም።

ሌላ ጨርቅ ይህን መስመር ገልብጦታል። በክሊቭ ጆንስ ሐሳብ የተጀመረው የኤድስ መታሰቢያ ብርድ ልብስ ጥቅምት 11 ቀን 1987 በዋሽንግተን ሲዘረጋ 1,920 እራፊዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ የመቃብር ልክ፣ 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጎልቶ የሚነበበው የሟቹ ስም እንጂ የሰፊው አይደለም። ሰዎች ለቅሶ ብቻ ያለበት ይመስላቸዋል። ቀርበው ሲያዩት ግን ጂንስ ሱሪ፣ የሚያብለጨልጭ ጌጥ፣ አሻንጉሊት፣ ቀልድ ጭምር ተሰፍቶበታል። ሟቹ የሳቀበት ነገር ሁሉ አለ።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰንደቆች የአንዱ ቁራጭ በ2021 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተመልሶ ለእይታ ቀርቧል። ከእነዚያ 30 ገደማ ሰዎች የአብዛኞቹ ስም ግን በመጻሕፍት አይጠራም። ጉዳዩ 1978 ላይ የተፈጸመ ነውና፣ ያኔ ሃያ ዓመት የሞላቸው ዛሬ አዛውንት ናቸው። የመመረቂያ ጥናት ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ማነጋገር ይቻላል፤ ጊዜው ግን ብዙ አይደለም። እናንተ ብትጀምሩ በበኩሌ የምችለውን አግዛለሁ።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።