ቢጫዋ መብራት ምን ትላለች?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና ነው። «እኛ መኪና የለን፤ ምን አገባን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቡናውና ጫቱ ገበያ የሚደርሰው በመኪና ነው። ምጥ የጠናባት እናትም ወደ ጭሮ ሆስፒታል የምትወሰደው በመኪና ነው። ጫት መንገድ ላይ ካደረ ይጠወልጋል፤ ዋጋው ይወድቃል። ምጥ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ የመኪና ጤንነት ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ሁላችንንም ይመለከታል።

በአገራችን መንገድ ላይ ከሚታዩት መኪናዎች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ ያለንን አሮጌ መኪና ጠብቀንና አስታመን መያዝ ይኖርብናል።

ከሾፌሩ ፊት፣ ከመሪው በስተጀርባ፣ ዳሽቦርድ የሚባል ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ ትናንሽ መብራቶች አሉ። ቀይ መብራት «ቁም!» ማለት ነው። ጀበና የመሰለችው ቀይ መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራች፣ የዘይቱ ግፊት ወድቋል ማለት ነው። ሾፌሩ ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት አለበት። ትንሽ ልሂድ ካለ ሞተሩ ይነክሳል።

የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት ግን ሌላ ናት። የዛሬው ንግግራችንም ስለ እርስዋ ነው። በመኪናው ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። ሴንሰር የሚባሉ መሣሪያዎች የአየሩን፣ የነዳጁንና የጭሱን ሁኔታ ይነግሩታል። አንድ ነገር ከልኩ ሲወጣ ኮምፒዩተሩ ቁጥር ይመዘግባል፤ መብራቷንም ያበራል። ነገሩ የተጀመረው የመኪና ጭስ አየሩን እንዳይበክል ለመቆጣጠር ነው። በአሜሪካ አገር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የቁጥር አመዘጋገብ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል።

ልብ በሉ! መብራቷ «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል» አትልም። «ጽፌአለሁ፤ አንብቡኝ» ነው የምትለው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደብዳቤ ቢደርሰው፣ ፖስታውን ብቻ አይቶ መልስ ይሰጣል እንዴ? አይሰጥም። በመኪናም እንዲሁ ነው። ሳይነበብ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። አምስት ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ አሮጌ የቤንዚን መኪና ገዙ እንበል። ቢጫዋ መብራት በራች። መካኒኩ ቁጥሩን አነበበ፤ ቁጥሩ ስለ ኦክስጅን ሴንሰር ይናገራል። ሴንሰሩ በውድ ዋጋ ተገዝቶ ተቀየረ። መብራቷ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ በራች። ሌላ ሴንሰር ተገዛ፤ አሁንም በራች። ለካስ ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ያስገባ ነበር። ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው። ጥፋቱ ከቱቦው ነው፤ መፍትሔውም ብየዳ ነበር።

እንግዲህ መብራቷ አልጠፋ ስትል በዚህ ተራ እንሥራ።

አንደኛ፣ አበራርዋን እንመልከት። ሳትጠፋ ከበራችና መኪናው ደህና ከሄደ፣ ቀስ ብሎ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሞተሩ አንዳንድ ቦታ እሳት ስቷል፤ ነዳጁ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው። ፍጥነት መቀነስና አመቺ ቦታ ላይ ማቆም ይገባል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን እናስቀድም። የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ተጠብቋል? የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል? የአየር ቱቦው ተሰንጥቋል? የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል? በአንዳንድ መኪና የላላ ክዳን ብቻውን መብራቷን ያበራል። ክዳኑ ከተጠበቀ በኋላም ወዲያው ላትጠፋ ትችላለች፤ ጥቂት ጊዜ መነዳት አለበት።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩን እናስነብብ። መካኒኩ በመሣሪያ ያነበዋል። ለምሳሌ ፒ 0171 ማለት አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል ነው። ምክንያቱ የተቀደደ የአየር ቱቦ፣ የታፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ወይም የደከመ የነዳጅ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ፒ 0300 ከሆነ ሞተሩ እሳት እየሳተ ነው፤ ካንዴላው ይታይ። ከ1996 በፊት በተሠሩ አንዳንድ ቶዮታዎች ደግሞ ማንበቢያ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያውቅ መካኒክ ሁለት ቦታዎችን በሽቦ ሲያገናኝ መብራቷ ራስዋ ትቆጥራለች። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ አርፋ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለች 21 ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቁጥሩን ከነቀኑ በደብተር እንጻፍ። የተሠራውንና የተከፈለውንም እንጻፍ። መብራቷ ተመልሳ ስትበራ ያው ቁጥር ከሆነ፣ ዕቃው ተቀየረ እንጂ ምክንያቱ አልተገኘም ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

የናፍታ መኪና ላይ ሌሎች መብራቶች አሉ፤ ከዚችኛዋ ጋር እንዳናምታታቸው። ዶልፊን በምንለው የናፍታ ሚኒባስ ላይ ቲ-ቤልት የሚል መብራት አለ። ይህ የሚበራው ኪሎ ሜትር ቆጥሮ፣ ብዙውን ጊዜ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። «የሞተሩን ቺንጋ ቀይሩ» ማለቱ ነው። ቺንጋው ሳይቀየር ቆይቶ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩ ይሰበራል። ናፍታው ውስጥ ውሃ ሲገባ የሚበራም መብራት አለ። ከበርሜልና ከጀሪካን የተቀዳ ናፍታ ይህን ያመጣል። ውሃው ከፊልትሮው ሥር መፍሰስ አለበት።

አንዳንድ ሰዎች ባትሪውን ነቅለው መልሰው ያስራሉ። መብራቷ ትጠፋለች፤ የተጻፈው ቁጥርም አብሮ ይጠፋል። በሽታው ግን እዚያው ነው። ሌሎች በፕላስተር ይሸፍኗታል፤ ወይም አምፖሏን ያወጣሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ስለዚህ አሮጌ መኪና ስትገዙ ይህን አትርሱ። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ አዙሩ። ቢጫዋ መብራት መብራት አለባት። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት አለባት። ጨርሶ ካልበራች አንድ ሰው ደብቋት ይሆናል፤ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት በመካኒክ አስመርምሩ።

እኛ ተማሪዎች እናንተ ዘንድ የመጣነው ፊደል ለማስቆጠር ነው። ፊደልና ቁጥር ግን ለደብተር ብቻ አይደሉም። መካኒክ ጋ ስትሄዱ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በእጃችሁ ጻፉት። ከዚያ በኋላ «ይህ ዕቃ ለምን ይቀየራል?» በሉ። መልሱን ሳትሰሙ ገንዘብ አታውጡ።