ቀበሮው ግልገሉን ስለማይነካ

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲነሳ ብዙዎቻችሁ ደብተርና ወቀሳ ነው የምትጠብቁት። ደብተሩ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ዝንጀሮና ስለ ቀበሮ ትንሽ እንድናወራ ፍቀዱልን። ወሬው ከሩቅ ቢጀምርም መድረሻው እዚሁ የእኛው ደጅ ነው።

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ የሚባል ብርዳማ ደጋ አለ። እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ አብረው ይውላሉ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የላቸውም። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ አንዳንዴ በመቶዎች እየሆነ ሜዳው ላይ ይሰማራል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ሥጋ በል ነው፤ ዋና ምግቡ አይጥ ነው። ቁጥሩ በጣም አንሷል፤ በመላ አገሪቱ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም።

ሥጋ በል አውሬ ግልገል በያዙ እናቶች መካከል ሲመላለስ ብናይ ሁላችንም እንጮሃለን። ጭላዳዎቹ ግን አይጮሁም። ውሻ ሲያዩ ወደ ገደሉ ይሮጣሉ፤ ቀበሮው ሲመጣ ግን ሣራቸውን መንጨታቸውን ይቀጥላሉ። እሱም በመካከላቸው ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ግልገሎቹን ዘወር ብሎም አያይ። አይጡን ያድናል።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። እንደኛ ሒሳብ ሠሩ ማለት ይቻላል። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶው ሙከራ የሚሳካለት 25 ነው። በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ግን 67 ይሳካለታል። ከአራት አንድ የነበረው ከሦስት ሁለት ሆነ ማለት ነው። ምናልባት የጭላዳው ግርግር አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸዋል፤ ወይም በመንጋው መካከል ቀበሮውን ለይተው አያዩትም።

ስለዚህ ቀበሮው ግልገሉን የማይነካው ደግ ስለሆነ አይደለም። አንድ ግልገል የአንድ ቀን ምሳ ነው፤ የመንጋው አመኔታ ግን የዘወትር እንጀራ ነው። በጥናቱ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ነጥቆ ነበር። ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩት፣ ከዚያም ተመልሶ እንዳይጠጋ ከለከሉት።

አሁን ጭላዳውስ ምን ያገኛል ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። እስከሚታወቀው ድረስ ምንም አያገኝም። የሚያጣውም ነገር ግን የለም። የንግግራችን ፍሬ እዚህ ላይ ነው። አብሮ ለመኖር ሁለቱም ወገን እኩል ማትረፍ አለበት የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የአንዱ ትርፍ ከሌላው ኪስ አለመውጣቱ ይበቃል። ከወጣ ግን ጉርብትናው በዚያው ቀን ያበቃል።

ይህን ይዘን ወደ ወንጪ እንመለስ።

ማህበራችን ብድር የሚሰጠው በዋናነት ለሁለት ሥራ ነው፤ ለፈረስና ለንብ ቀፎ። እንግዶቻችን እንዳያችሁት ከላይ ከዳገቱ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ጎብኚ በፈረስ ነው የሚወርደው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ከመረጣት ወዲህ ስማችን ርቆ ተሰምቷል። ማራችንም ቢሆን የታወቀ ነው። ፈረሱ የሚግጠውና ንቧ የምትቀስመው ደግሞ አንድ መስክ ነው፤ ያው ማገጡ ነው።

ነገር ግን ንብና ፈረስ አይዋደዱም። ያላበው ፈረስ ሽታ ንብን ያስቆጣል። የተቆጣ ንብ የሰፈረበት ፈረስ ደግሞ ታስሮ ከሆነ ማምለጫ የለውም።

ባለፈው ጥቅምት የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማር በማታ፣ በጭስ ይቆረጣል፤ ይህን ከአያቶቻችን ጀምሮ እናውቃለን። በዚያን ቀን ግን ነጋዴ መጥቶ ስለቸኮልን በጠራራ ፀሐይ ቆረጥን። ቀፎዎቹ ከፈረስ መንገዱ ዳር ነበሩ። ከእህቶቻችን የአንዷ ፈረስ እዚያው አጠገብ ታስሮ ነበር። በማግስቱ ሞተ። ያ ፈረስ የተገዛው ከማህበራችን በተወሰደ ብድር ነው፤ ዕዳው ግማሹም አልተከፈለም። በዚያ ፈረስ ሦስት ልጆች ይማሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማህበራችን ለሁለት ተከፈለ። ባለ ፈረሶቹ «ቀፎ ከዚህ ይነሳ» አልን። ባለ ቀፎዎቹ «ፈረስ ሌላ መንገድ ይፈልግ» አልን። በቡና ላይ ሳይቀር ጀርባ የተሰጣጣንበት ጊዜ ነበር። ከደጋፊዎቻችንም አንዳንዶች በቅን ልብ «ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱን መርጣችሁ በእሱ ላይ አተኩሩ» ብለው መክረውናል። ምክራቸውን አክብረን ደብተሩን አገላብጠን አየነው። ያገኘነው ይህን ነው።

የፈረስ ገቢ የሚመጣው በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጎብኚ ይቀንሳል፣ ፈረሱ ቆሞ ይበላል። የማር ገቢ ከአደይ አበባ በኋላ ይመጣል፤ ክረምት የተበደረችው እህት የምትከፍለው በማር ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ጎብኚ ሲጠፋ የፈረስ ብድር ቆመ፤ የማህበሩን ሣጥን ባዶ እንዳይሆን ያቆየው ማር ነው። ዝናቡ ሲበላሽና አበባ ሲጠፋ ደግሞ የያዘን ፈረስ ነው። አንዱን ብንተው በክፉው ዓመት የሚደግፈን ሌላው አይኖርም።

ስለዚህ ሁለቱም ይቆዩ። ግን እንደ ጓሳው ይሁን፤ የአንዱ ትርፍ ከሌላው አይውጣ። ጓሳ ውስጥ ሰዎቹም ሥርዓት ነበራቸው። የመንዝ ገበሬዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት መስኩን ይጠብቁት ነበር። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጉታል፤ ከዚያ ተስማምተው በአንድ ላይ ይከፍቱታል። ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ የሚውሉበት ደጋ የተረፈው በዚያ ጥበቃ ነው።

እኛም የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነጥብ አለው።

አንደኛ፣ ቀፎዎቹ ከመንገዱ ርቀው ይቀመጡ፤ ከፊታቸው ከሰው ቁመት ከፍ ያለ አጥር ይሠራ፤ ንቧ ከፍ ብላ እንድትበር። ሁለተኛ፣ ማር የሚቆረጠው በማታ ብቻ ይሁን፤ ባለ ፈረሶች ከአንድ ቀን በፊት ይነገራቸው። ሦስተኛ፣ ማገጡ ሲያብብ ከቀፎዎቹ አጠገብ ያለው መስክ ማሩ እስኪቆረጥ ከፈረስ ይዘጋ።

አራተኛው ነው ከባዱ። የሞተው ፈረስ ዕዳ ዛሬም በአንዲት እህት ስም ደብተራችን ላይ ተጽፎ አለ። የዚያን ቀን ማር ግን ተሸጦ ገቢ ሆኗል፤ ትርፉንም ተካፍለነዋል። ከሒሳብ ክፍል ያለነውም ድርሻችንን ወስደናል። እንግዲህ እኛ ግልገሉን የበላነው ቀበሮ ነን። ሦስቱን ደንቦች ብናጸድቅና ይህን ዕዳ እሷ ላይ ብንተው፣ ነገ ማናቸውም ባለ ፈረስ አያምነንም፤ ሊያምነንም አይገባም።

ስለዚህ የቀረው ዕዳ ከዚህ ዓመት የማር ትርፍ ላይ እንዲከፈል እንጠይቃለን። ወደፊትም ከሚሸጠው ማር ላይ በጥቂቱ እየተቀነሰ ለእንዲህ ያለው ጉዳት መጠባበቂያ ይያዝ። የእያንዳንዳችን ድርሻ ዘንድሮ ይቀንሳል። ምን ያህል እንደሚቀንስ ሠርተን በየስማችሁ ጽፈን ከበሩ አጠገብ ለጥፈነዋል፤ እያያችሁ እንድትወስኑ እንጂ በጭፍን እጅ እንድታወጡ አንፈልግም።

ያቺ እህታችን ዛሬ ከመካከላችን አለች። ስሟን አንጠራም፤ እንድትነሳም አንጠይቃትም። ከሻይ በኋላ በአራቱ ነጥቦች ላይ ድምፅ እንሰጣለን። በአራተኛው እንጀምር።