ሻጋታን ጠርጎ መብላት ይቅር

ወገኖቼ፣

ዛሬ የማወራችሁ ማንም ሳይዘራው በየቤታችን ስለሚበቅል ነገር ነው። እርሱም አረንጓዴ ሻጋታ ነው።

ሻጋታ የት ይገኛል? በመርሳ ሙቀት ለቀናት መሶብ ውስጥ በቆየ እንጀራ ላይ ይገኛል። ከሀብሩ የአትክልት ቦታ ተለቅሞ፣ በመንገድ ሲንገላታ ወልድያ ገበያ በደረሰ ብርቱካን ላይ ይገኛል። ሳይደርቅ ጎተራ በገባ ማሽላ ውስጥም ይገኛል። ሻጋታ እርጥበትና ሙቀት ይወዳል። ብርቱካኑን የሚይዘው ደግሞ ልጣጩ በቆሰለበት በኩል ገብቶ ነው።

«ታዲያ ጠረግ አድርጎ መብላት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ለወሎ ሰው እህል መጣል ይከብዳል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ሰው፣ አንዲት ፍሬ ብትወድቅ ጎንበስ ብሎ ያነሣል። ይሁን እንጂ አረንጓዴው ላዩ ብቻ ነው፤ ክሩ ለዓይን ሳይታይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በእህል ላይ ከሚበቅለው ሻጋታ አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። መርዙ ቢያጥቡት፣ ቢቆሉት፣ ቢጋግሩት አይጠፋም። ጉበትን ይጎዳል፤ ውሎ አድሮም የጉበት ካንሰር ያመጣል።

ይህ መርዝ የታወቀው እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ቱርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች አለቁ። ነገሩ ሲመረመር የበሉት የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «እኛ ካልበላነው ለላሚቱ እንስጣት» አትበሉ። መርዙ በወተቷ በኩል ተመልሶ ወደ ልጃችሁ ይመጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እህሉን ከመክተታችሁ በፊት በሸራ ወይም በሰሌን ላይ በደንብ አስጡት። አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ሞክሩ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተለመጠ ገና ነው። ጆንያውን ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጡት። የሻገተውን ከደህናው አትቀላቅሉ። ብርቱካን ስትለቅሙ ዛፉን አታራግፉ፤ በእጅ ልቀሙ፤ የቆሰለውን ለይታችሁ ቶሎ ብሉት። የተረፈ እንጀራ ካለ ሳይሻግት በፊት ድርቆሽ አድርጉት። ከሻገተ በኋላ ማድረቁ መርዙን አያወጣውም።

እህልን የሚያከብር ሰው ሳይሻግት ይደርስለታል።