ዳማከሴን የሚወድ ያስመርምረው



መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ምን እንዳደረግን ታስታውሳላችሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተሻማን፤ ለምች የምናውቀውን ዳማከሴ ለኮሮናም ጨመቅነው። በዚያው ወር መንግሥት ከአገር በቀል ዕውቀት የተነሣ መድኃኒት የመጀመሪያ ሙከራ አለፈ ሲል ደግሞ "በቃ፣ ተገኘ!" አልን። "ማስረጃውስ?" ያለውን ጓደኛችንን ባህሉን የናቀ አደረግነው። ተሳስተን ነበር።

እስቲ ቻይናን እንይ። ሳይንቲስቷ ቱ ዮዮ ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ አነበቡ፤ ቅጠሉን ቤተ ሙከራ አስገቡት። አርቴሚሲኒን ወጣ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ ፎገራና ደምቢያ ላይ ወባ የያዘው ሰው የሚውጠው ኮአርተም ከዚያ ቅጠል የመጣ ነው።

የእኛም ሰው አለ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። መረመሩ፤ እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳዩ።

አባቶቻችን የዕፅ ዕውቀታቸውን በብራና ጽፈው አቆይተውልናል። የእኛ ድርሻ ማስመርመር ነው። አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ ቅጠሉን ከነስሙ መዝግቡ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን ነው፣ ለተመራማሪ አድርሱ።

አደራ ግን! ትኩሳት ሲይዛችሁ ዳማከሴ ጠጥታችሁ ቤት አትተኙ። ጣና ዳር ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል፤ ወባ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ቶሎ ተመርመሩ።