ከጦር አካዳሚ በኋላስ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ሳምንት ከተመራቂዎቹ አንዳንዶቻችን ስለ አንድ ሙያ እንድንናገር ሲወሰን፥ ለእኔ የደረሰኝ የጦር መኰንንነት ነው። ደረሰኝ አልሁ እንጂ ለምኜ የወሰድሁት ነው። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

ስለ ጦር አካዳሚ ስንጨዋወት የሚታየን በሩ ብቻ ነው። የመግቢያው ፈተና፥ ሩጫው፥ የሐኪሙ ምርመራ፥ በመጨረሻም የምረቃው ሰልፍና በትከሻ ላይ የሚያርፈው የምክትል መቶ አለቅነት ማዕርግ። ከዚያ ወዲያ ስላለው ሠላሳና አርባ ዓመት ግን ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም። እኔ የምናገረው ስለዚያ ነው።

የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት ሲከፈት፥ የጣልያን ጦር ወደ ድንበራችን ይቀርብ ስለ ነበር፥ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን በወጉ ሳይፈጽሙ ጦርነቱ ደረሰባቸው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሐረር ጦር አካዳሚ ሲቋቋም ጊዜው ሰላም ስለ ነበር አሳቡም ሰፋ ያለ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ልጆች ተመርጠው እየገቡ፥ ከሕንድ አገር በመጡ መኰንኖች እጅ ሦስት ዓመት ይማሩ ነበር፤ ከጦሩ ትምህርት ጋራም የቀለም ትምህርት ይሰጣቸው ነበር። ያ አካዳሚ ኋላ ተዘጋ፤ ሆለታ ግን አሁንም መኰንኖችን ያሠለጥናል።

ከሆለታ ወጥተው ሌላ መንገድ ከያዙት አንዱን ሁላችሁም በስም ታውቋቸዋላችሁ። መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1930ዎቹ ከዚያ ተመርቀው ወደ አየር ኃይል ገቡ። እዚያም የአየር ጕዞ መቈጣጠርን ተማሩ፤ ትምህርቱንም በሆላንድ፥ በስዊድንና በካናዳ ቀጠሉ። ኋላም የሲቪል አቪዬሽን ዋና ዳይሬክተር፥ ቀጥሎም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከ1994 እስከ 2006 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ርእሰ ብሔር ሆነውም እንኳ ሕዝቡ «መቶ አለቃ» እያለ መጥራቱን አልተወም። ማዕርጉ ስም ሆኖ ቀረ፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ያሻገራቸው ግን በማዕርጉ ላይ የጨመሩት ትምህርት ነው። ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስም እንዲሁ የጦር መኰንንም የሕግ ምሩቅም ነበሩ፤ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ይመሩ ነበር።

እነዚህ ግን ዕድል የቀናቸው ናቸው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቀድሞው ጦር እንደ ተበተነ በታሪክ ተምረናል። በሠፈራችን «ጋሽ ሻምበል» የምንላቸው ሽማግሌ ያን ጊዜ አንድ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጥለው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አዲስ አበባ በነበሩበት ዘመን፥ ጓደኞቻቸው እየሳቁባቸው፥ ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ ይማሩ ነበር። የነጋዴዎችን መዝገብ እየያዙ አራት ልጆች ያሳደጉት በዚያች የማታ ትምህርት ነው። ከእርሳቸው ይልቅ ጐበዝ ወታደር የነበረው ባልንጀራቸው ግን የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ዕድሜውን ጨረሰ። ዘበኝነት ነውር ነው ማለቴ አይደለም። የሚያሳዝነኝ መቶ ሰው ያዝዝ የነበረ፥ ካርታ የሚያነብ፥ ስንቅና ተሽከርካሪ በሰዓቱ የሚያደርስ ሰው፥ ያን ሁሉ ዕውቀቱን የሚመሰክርለት አንዲት ወረቀት ማጣቱ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ያለውን የመቶ አለቃ በመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜ ስናነብ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ማዘዝንም መታዘዝንም አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በፋብሪካም፥ በሆስፒታልም፥ በአየር ማረፊያም ይፈለጋል፤ ነገር ግን ቀጣሪው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዲግሪውን ነው።

ይህንን ሌሎች አገሮች ቀድመው ተረድተውታል። ሐረርን ያስተማሩት ሕንዶች በራሳቸው አገር፥ በፑኔ አጠገብ ባለው ብሔራዊ የመከላከያ አካዳሚ፥ ዕጩ መኰንኑን ሦስት ዓመት አስተምረው የዩኒቬርሲቲ ዲግሪ ያስይዙታል። በአሜሪካ ዌስት ፖይንት አራት ዓመት የተማረ የሳይንስ ዲግሪ ይዞ ይወጣል፤ በምላሹ ቢያንስ አምስት ዓመት ማገልገል አለበት። የእንግሊዝ ሳንድኸርስት ግን ሥልጠናው 44 ሳምንት ገደማ ብቻ ስለ ሆነ በራሱ ዲግሪ አይሰጥም፤ አብዛኞቹ ዕጩዎች ዲግሪያቸውን ይዘው ነው የሚገቡት። በእኛም አገር የመከላከያ ዩኒቬርሲቲ አለ፤ በቢሾፍቱ የኢንጂነሪንግና የጤና ሳይንስ ኮሌጆች አሉት። መሐንዲስ ወይም ሐኪም የሆነ መኰንን ልብሱን ያወለቀ ዕለት ሙያው ከእርሱ ጋራ ይወጣል።

ስለዚህ ለመግባት የምታስቡ ሁሉ፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የሚሰጠው ዲግሪ ነው ወይስ የምስክር ወረቀት? ሌላ ዩኒቬርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ይቀበለዋልን? የግዴታው አገልግሎት ስንት ዓመት ነው? በአገልግሎት ላይ ሳሉ ለመማር ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? መጠየቅ ፈሪነት የሚመስለው ሰው አለ። ውል ሳያነቡ መፈረም ግን ጀግንነት ሆኖ አላገኘሁትም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የማመልከቻውን ቅጽ ወስጃለሁ፤ የምመኘውም ሕክምናን ነው። እናቴ ግን አልፈቀደችም። ወንድሟ በ1991 ዓ.ም. ወደ ባድመ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም፤ ፎቶግራፉ ከምኝታዋ በላይ ተሰቅሏል። ከላይ የተናገርሁትን ሁሉ ስለ ዲግሪውም ስለ ሕንዶቹም ነግሬያት ነበር፤ ዝም ብላ ሰምታኝ፥ «እርሱም ተመልሼ እማራለሁ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። አደጋ የለበትም ብዬ ልዋሻት አልፈለግሁም።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ሻምበልን ቡና ጠራቻቸው። «ልጅ ቢሆኑ ኖሮ አሁን ይገቡ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ሁለተኛውን ስኒ እስኪጨርሱ ድረስ ዝም አሉ። ኋላም፥ «እገባ ነበር። ነገር ግን እናቴን ሳላስፈቅድ አልሄድም ነበር፤ ያን ጊዜ ጠፍቼ ነው የሄድሁት» አሉ። እናቴ ቅጹን ከእጄ ተቀብላ በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠችው። እስከ ዛሬ ጧት እዚያው ነበር፤ ማስገቢያው ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።