ሕጉ የተሰጠው ከባሕሩ ማዶ ነው

(ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ተወስዶ፣ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ ነው።)

 

ዛሬ ትምህርቴን የምጀምረው አንዲት እህት ከአረብ አገር በላከችልን መልእክት ነው። ስሟን አልጠራም። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። መልእክቱ በድምፅ የተቀዳ ነው። አሠሪዎቿ እንዳይሰሙ ይመስለኛል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። እንዲህ ትላለች፦ «ፓስተር፣ እዚህ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። እሑድ እረፍት ስለሌለኝ ቤተ ክርስቲያን ረግጬ አላውቅም። አገር ቤት ሳለሁ ዘማሪ ነበርኩ፤ ረቡዕ ጾም ጸሎት አይቀርብኝም ነበር። አሁን ማታ ልጸልይ ብዬ ስንበረከክ እዚያው እንቅልፍ ይወስደኛል። ደሞዜን ለእናቴ መድኃኒትና ለወንድሞቼ ትምህርት ስለምልክ አሥራት አውጥቼ አላውቅም። እግዚአብሔር አሁንም ልጄ ነሽ ይለኛል? ወይስ ስሜን ሰርዞታል?»

ይህን መልእክት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለማ! በየእሑዱ ከፊት ወንበር የሚቀመጡ፣ መድረክ ላይ የሚያገለግሉ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ በልባቸው ይዘው ይዞራሉ። ልዩነቱ እሷ ደፍራ መጠየቋ ነው።

እግዚአብሔር የእድር ዳኛ አይደለም

እድራችንን ሁላችንም እናውቃለን። በየወሩ መዋጮ ይከፈላል። የቀረ ይቀጣል። ብዙ ወር ያልከፈለ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። በደንብ የከፈለ ግን ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ወንበሩ ይመጣለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል። መልካም ሥርዓት ነው። እድር ባይኖር ስንቱ ቤተ ሰብ በሐዘኑ ቀን ብቻውን በቀረ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው እግዚአብሔርንም እንደ እድር ዳኛ ማየት ስንጀምር ነው። ጸሎታችን መዋጮ ይሆናል። ጾማችን መዋጮ ይሆናል። መዘምራን ውስጥ መቆማችን፣ ወንበር ማስተካከላችን፣ አሥራታችን ሁሉ የወር ክፍያ ይሆናል። ከፍለን ስንጨርስ ደረታችንን እንነፋለን፤ ሳንከፍል ስንቀር ደግሞ «ተሰረዝኩ» እንላለን።

እኔ ራሴ በዚህ ውስጥ አልፌአለሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ቀን የአዳር ጸሎት ቀርቼ ተኛሁ። በማግሥቱ ታናሽ እህቴ በጠና ታመመች። ወዲያው ለራሴ ምን አልኩ መሰላችሁ? «የእጅህን አገኘህ!» አልኩ። እህቴ ዳነች፣ ጌታ ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የጸለይኩት ከፍቅር የተነሣ አልነበረም። ሌላ ሰው እንዳይታመምብኝ እየፈራሁ ነበር የምጸልየው። በአፌ ጸጋን እሰብክ ነበር፣ በልቤ ግን የእድር መዝገብ ነበረኝ።

ወገኖቼ፣ እኛ ሰዎች «ሁሉም የእጁን ያገኛል» እንላለን። ጸጋ ማለት ግን የእጃችንን አለማግኘታችን ነው። የእኛን እጅ ሥራ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ተቀበለ፤ የእሱን ደግሞ እኛ ተቀበልን። ወንጌል ይህ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ

አንዳንድ ሰው «ብሉይ ኪዳን የሕግ፣ አዲስ ኪዳን የጸጋ መጽሐፍ ነው» ይላል። እስቲ ኦሪት ዘጸአትን ክፈቱና ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ።

በምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ እስራኤል ከባርነት የተነሣ ይጮኻሉ፣ እግዚአብሔርም ጩኸታቸውን ይሰማል። በምዕራፍ 12 የፋሲካው በግ ይታረዳል። በምዕራፍ 14 ባሕሩ ይከፈላል። በምዕራፍ 19 በሦስተኛው ወር ሲና ይደርሳሉ። አሥርቱ ትእዛዛት የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በምዕራፍ 20 ነው። እግዚአብሔርም የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከመናገሩ በፊት በቁጥር 2 ላይ ከባርነት ቤት ያወጣቸው እሱ መሆኑን ያስታውሳቸዋል። መጀመሪያ «አወጣኋችሁ»፣ ቀጥሎ «እንዲህ ኑሩ»።

በፋሲካው ሌሊት በየቤቱ የተጠየቀው «ስንት ትእዛዝ ጠብቃችኋል?» የሚል አልነበረም። ደሙ በመቃኑና በጉበኑ ላይ አለ ወይስ የለም? ይህ ብቻ ነው። ምናልባት በአንዱ ቤት በድፍረት የሚበላ፣ በሌላው ቤት እየተንቀጠቀጠ የሚበላ አባት ነበረ። ሁለቱም በኩራቸውን ይዘው አደሩ። ያዳናቸው የእጃቸው ጽናት አይደለማ፣ የበጉ ደም ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ሙሴ ሁለቱን ጽላቶች ይዞ ወደ ግብፅ ቢሄድና «ይህን ሕግ ሳታጓድሉ ጠብቁ፤ ስትጨርሱ ባሕሩ ይከፈትላችኋል» ቢላቸው ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? እስከ ዛሬ ጭቃ ሲያቦኩ በኖሩ ነበር! ነጻ ከወጡ በኋላ እንኳ፣ ሙሴ በተራራው ላይ 40 ቀን ቢቆይባቸው የወርቅ ጥጃ ሠርተው አገኛቸው።

አብርሃምም እንዲሁ ነው። በዘፍጥረት 15፥6 እግዚአብሔርን አመነ፣ እምነቱም ጽድቅ ሆኖ ተቈጠረለት። የተገረዘው ግን በምዕራፍ 17 ላይ፣ በ99 ዓመቱ ነው። በመካከሉ እስማኤል ተወልዶ 13 ዓመት ሞልቶታል። ጳውሎስ በሮሜ 4 ይህን ነገር አጥብቆ የሚከራከርበት በከንቱ አይደለም። በገላትያ 3፥17 ላይም ሕጉ ከተስፋው በኋላ 430 ዓመት ቆይቶ እንደ መጣ ይነግረናል። በኋላ የመጣ ሕግ አስቀድሞ የተሰጠን ተስፋ ሊሽር አይችልም።

እጁን ከገበታ ያነሣ ሐዋርያ

ይህን እውነት ሐዋርያው ጴጥሮስ ያውቀው ነበር። በኢየሩሳሌም ጉባኤ፣ በሐዋርያት ሥራ 15፣ አባቶቻችንም እኛም ልንሸከመው ያልቻልነውን ቀንበር በአሕዛብ አንገት ላይ አንጫን ብሎ የተናገረ እሱ ነው። በአንጾኪያ ግን ምን ሆነ? በገላትያ 2 እንደምናነበው፣ ካልተገረዙት አማኞች ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈራና ከማዕዱ ራሱን ለየ።

እኛ ኢትዮጵያውያን በአንድ ገበታ መብላት ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። አንድ ሰው አብሮህ ሲበላ ቆይቶ፣ ሌላ ሰው ሲገባ እጁን ከመሶቡ ቢያነሣ ምን ይሰማሃል? ማብራሪያ አያስፈልግህም። «አንተ ትጎድላለህ» ብሎሃል። ጳውሎስ በሰው ሁሉ ፊት የተቃወመው ለዚህ ነው። ጴጥሮስ በአፉ የተናገረው የተሳሳተ ትምህርት የለም። እጁ ግን «ክርስቶስ ብቻውን አይበቃም፣ ግዝረት ይጨመርበት» ብሎ ሰበከ።

እኛ ወንጌላውያንስ? «በጸጋ ድነናል» የሚለውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቃላችን አጥንተናል። ሌሎችን በሥራ ይመካሉ ብለን እንተቻለን። ነገር ግን ያቺ እህት ነገ ከአረብ አገር ብትመለስና ፀጉሯ፣ አለባበሷ፣ ከጉባኤ መራቋ ቢታየን፣ እጃችንን ከገበታው አናነሣም ወይ? ክርስቶስ ሲደመር አገልግሎት፣ ክርስቶስ ሲደመር የጸሎት ሰዓት፣ ክርስቶስ ሲደመር የእኛ ዓይነት አለባበስ... ይህ የእኛ ግዝረት ነው። ጌታ ይቅር ይበለን።

ታዲያ ሕግ ለምን ተሰጠ?

«ፓስተር፣ እንግዲያው ሕጉን እንጣለው?» የሚል አለ። አይደለም! ጳውሎስ በሮሜ 7፥12 ሕጉን ቅዱስና በጎ ይለዋል። ጌታም በማቴዎስ 5፥17 ሊፈጽመው እንጂ ሊሽረው እንዳልመጣ ተናግሯል።

ሕግ እንደ ራጅ ነው። እግርህ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ስትሄድ ራጅ ትነሣለህ። ፊልሙ የተሰበረበትን ቦታ ያሳይሃል። ራጅ ባይኖር «ወለምታ ነው» ብለህ ስታነክስ ትኖር ነበር። ነገር ግን ፊልሙን እግርህ ላይ ብታስረው አጥንቱ ይጠገናል? አይጠገንም። ሮሜ 3፥20 እንደሚለን በሕግ የሚመጣው ኃጢአትን ማወቅ ነው። ማዳን የሐኪሙ ሥራ ነው። ራጁን የሚቀድድ ሰው ሞኝ ነው፤ ራጁን አቅፎ ሐኪሙን የማያይ ደግሞ ከእሱ ይብሳል።

በገላትያ 3፥24 ደግሞ ሕግ ሞግዚት ተብሏል። በዚያ ዘመን ሞግዚት ማለት ልጁን እየጠበቀ፣ ሲያጠፋ እየገሠጸ ወደ መምህሩ የሚያደርስ የቤት አገልጋይ ነበር። እጁን ይዞ ያደርሰዋል እንጂ አባቱ አይሆንለትም።

ዘኬዎስ ያለ ሒሳብ ሰጠ

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን ገደል ላሳያችሁ። «በጸጋ ነኝ» እያለ ሚስቱን የሚበድል፣ የሠራተኛውን ደሞዝ የሚያስቀር፣ ብድር ወስዶ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው አለ። ይህን ሰው ጸጋ ገና አላገኘውም ብል አልተሳሳትኩም። ቲቶ 2፥11-12 ጸጋ ያስተምራል ይላል፤ ክፋትን ክደን በጽድቅ እንድንኖር ያስተምራል።

በሉቃስ 19 ዘኬዎስን ተመልከቱ። ቀራጭ ነው፣ ሕዝቡን የበዘበዘ ነው። ጌታ «ገንዘቡን መልስና ቤትህ እመጣለሁ» አላለውም። መጀመሪያ ቤቱ ገባ። ያን ጊዜ ዘኬዎስ ተነሥቶ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ሕጉ ምን ይል ነበር? በዘኍልቍ 5፥7 በደሉን የተናዘዘ ሰው የወሰደውን መልሶ አንድ አምስተኛ ይጨምር ይላል። ዘኬዎስ ከዚያ እጅግ አለፈ። ማን አስገደደው? ማንም! ሕግ በመቀጮ ከሰው እጅ ማውጣት የማይችለውን፣ ጸጋ አንድ ቀን ቤት ገብቶ አወጣው።

አያችሁ፣ መልካም ሥራ አልቀረም። ቦታው ነው የተለወጠው። የመዳን ዋጋ አይደለም፣ የዳነ ሰው ኑሮ ነው።

ለእህቴ መልሴ

እህቴ ሆይ፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ስምሽ አልተሰረዘም። የተጻፈው በመዋጮሽ ቢሆን ኖሮ መዋጮሽ ሲቀር ይሰረዝ ነበር። የተጻፈው በበጉ ደም ነው።

እንቅልፍ ስለሚወስድሽ አትሸማቀቂ። ልጅ በአባቷ እግር ሥር እንቅልፍ ቢወስዳት አባቷ ያለብሳታል እንጂ አያባርራትም። ዕቃ ስታጥቢ፣ ልብስ ስትተኩሺ በልብሽ አናግሪው፤ ይሰማሻል። ጸሎትን ተይ አልልሽም። የምትጸልዪው ግን ልጅ ለመሆን ሳይሆን ልጅ ስለሆንሽ ነው።

ለእናትሽ ስለምትልኪውም ገንዘብ ስሚኝ። በማርቆስ 7 ላይ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ አባትና እናታቸውን ከመርዳት የሚቀሩ ሰዎች ነበሩ። ጌታ አጥብቆ ገሠጻቸው። ስለዚህ የእናትሽ መድኃኒት በእግዚአብሔር ፊት ዕዳ ሆኖ አይቈጠርብሽም። አቅም ባገኘሽ ቀን ለጌታ ሥራ በደስታ ስጪ፤ ትንሽም ብትሆን ስጪ። በፍርሃት ግን አትስጪ፣ እሱ የእድር ዳኛ አይደለምና።

የጠፋውም ልጅ በሉቃስ 15 ወደ ቤት ሲመለስ በመንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። መጨረሻው «እንደ ቅጥር ሠራተኛ አድርገኝ» የሚል ነበር። አባቱ ግን እዚያ ድረስ አላስጨረሰውም፤ ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ አለ። እህቴ፣ አንቺ በሰው ቤት ቅጥር ሠራተኛ ነሽ። በአባትሽ ቤት ግን ልጅ ነሽ።

አንተም ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ገና ከባሕሩ ወዲህ ሆናችሁ ሕግ በመጠበቅ ባሕሩን ልትከፍሉ እየታገላችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ትግሉን ተዉት። መንገዱ ተከፍቷል። አብረን እንጸልይ፦

አባት ሆይ፣ በሥራዬ ልከፍልህ ሞክሬ ደክሜአለሁ። አንዳንዴም ጸጋህን ሰበብ አድርጌ በድያለሁ። ሁለቱንም ይቅር በለኝ። ልጅህ ኢየሱስ ስለ እኔ እንደ ሞተና እንደ ተነሣ አምናለሁ። ልጅህ አድርገህ ተቀበለኝ። በመንፈስህም ፈቃድህን በፍቅር እንድፈጽም አስተምረኝ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ይህን ጽሑፍ አንብበህ ስትጨርስ አታስቀምጠው። «ተሰርዣለሁ» ብሎ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ አንድ ሰው ታውቅ ይሆናል። ለእሱ አድርስለት፤ ከተቻለህም አብረኸው ማዕድ ቅረብ። ተባረኩ።